በደንገጎ ቁልቁለት ላይ የደረቀ ፔዳል፦ የሃይብሪድ መኪና ፍሬን በድንገት ይጠፋል?

ጥያቄ፦ «የ2010 ሞዴል ቶዮታ ፕሪየስ አለኝ። የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ሲሆን በሥራ ምክንያት ሐረር እመላለሳለሁ። በቅርቡ ከሐረር ስመለስ ደንገጎን አልፌ ቁልቁል እየወረድኩ ሳለ ድንገት የማያቋርጥ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ተሰማ፤ ቀዩ የፍሬን መብራትና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) መብራት አብረው በሩ፤ ፔዳሉም ደርቆ አልወርድ አለኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ ረግጬ ዳር አስያዝኩት። አጥፍቼ ሳስነሳው መብራቶቹ ስለጠፉ ቀስ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ በፊት ከፊት በኩል የፓምፕ ዓይነት ድምፅ ቶሎ ቶሎ ይሰማኝ ነበር። አንድ መካኒክ ፓምፑን አውጥቶ የተራ መኪና የፍሬን ማገዣ ሊገጥምልኝ እንደሚችል ነገረኝ። ሌላው ደግሞ ‹የሃይብሪድ ፍሬን በባትሪ ነው፤ ባትሪው ሲደክም ፍሬን የለውም፤ ሽጠው› አለኝ። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ መኪናው አሁን ካለበት እንዳይንቀሳቀስ። አጥፍተው ሲያስነሱት መብራቶቹ መጥፋታቸው ብልሽቱ ለቅቆታል ማለት አይደለም። የፍሬኑ ኮምፒውተር መኪናው በተነሳ ቁጥር ምርመራውን እንደ አዲስ ስለሚጀምር፣ ፓምፑም ለጊዜው ግፊት ስለሚሞላ፣ መብራቱ ለጥቂት ደቂቃ አንዳንዴም ለቀናት ሊጠፋ ይችላል፤ የብልሽቱ ኮድ ግን ተመዝግቦ ይቆያል። ወደ ጋራዥም ቢሆን በራሱ አይሂድ፤ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ይሂድ። መጎተት ግድ ከሆነ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት መነሳት አለባቸው፤ ምክንያቱም የፊት ጎማዎቹ መሬት ላይ እየተሽከረከሩ ሲጎተት ከእነሱ ጋር የተያያዘው ኤሌክትሪክ ሞተር አብሮ ይዞርና የማስተላለፊያውን ክፍል ሊጎዳ ይችላል።

ሁለተኛው መካኒክ የነገሩዎት በየጋራዡ የሚዘዋወር የተሳሳተ አባባል ነው። ፕሪየስ ሃይብሪድ፣ ማለትም ቤንዚን ሞተርና ኤሌክትሪክ ሞተር አብረው ያሉት መኪና ሲሆን፣ ፍጥነቱን የሚቀንስበት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ የመኪናውን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ እየለወጠ ወደ ትልቁ ባትሪ የሚልክበት ነው። ሁለተኛው እንደማንኛውም መኪና በዘይት የሚሠራው፣ በአራቱም ጎማ ላይ ዲስክና ሸራ ያለው ፍሬን ነው። ፔዳሉን ሲረግጡ ኮምፒውተሩ ምን ያህል ፍሬን እንደጠየቁ ይለካና ሥራውን ለሁለቱ ያከፋፍላል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች ሲወርድ ሞተሩ ድርሻውን ለዘይት ፍሬኑ ያስረክባል፤ በድንገት አጥብቀው ሲረግጡም አብዛኛውን ሸክም የሚወስደው ዘይት ፍሬኑ ነው። ትልቁ ባትሪ ሲሞላ ወይም ሲግል ደግሞ የሞተሩ ድርሻ ይቀንስና ዘይት ፍሬኑ ብቻውን ይሠራል። ስለዚህ ትልቁ ባትሪ መድከሙ ፍሬኑን አያጠፋውም።

በአባባሉ ውስጥ ያለው እውነት ሌላ ነው፤ እርስዎንም የገጠመዎት እሱ ነው። በተራ ቤንዚን መኪና የእግርዎን ጉልበት የሚያበዛው ማገዣ የሚሠራው በሞተሩ የአየር ስበት ነው። የሃይብሪድ ቤንዚን ሞተር ግን በከተማም በቁልቁለትም ደጋግሞ ስለሚቆም በዚያ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ፓምፕ የፍሬን ዘይቱን በከፍተኛ ግፊት ወደ አንድ ማጠራቀሚያ ይሞላል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚያግዘው ያ የተጠራቀመ ግፊት ነው። በማጠራቀሚያው ውስጥ የታመቀ ናይትሮጅን ጋዝ አለ፤ ጋዙንና ዘይቱን የሚለያቸው ደግሞ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ስስ ግድግዳ ነው። የእርስዎ ፔዳል የደረቀው ይህ ግፊት ስላለቀ ነው። መኪናው ሊቆምልዎ የቻለውም እግርዎ ከማስተሩ (ፔዳሉ ከሚገፋው የዘይት ሲሊንደር) በቀጥታ ወደ ጎማ የሚሄደውን ዘይት መግፋት ስለሚችል ነው፤ ይህ መንገድ ማገዣው ቢጠፋም እንዲቀር ተደርጎ የተሠራ ነው። ሆኖም የሚፈልገው ጉልበት ከተለመደው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ መኪናውም ለመቆም ረጅም መንገድ ይወስዳል። እርስዎ በጉልበትዎ አቆሙት፤ በዚያው ቦታ ደካማ እግር ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ ላያቆመው ይችል ነበር።

ቀድሞ ይሰማ የነበረው ድምፅ የዚህ ሁሉ መነሻ ምልክት ነው። በቤትዎ ሮቶ ላይ ውኃ የሚሞላ ፓምፕ ካለ ሮቶው ሲያፈስ ፓምፑ ያለ ዕረፍት እንደሚሠራ ሁሉ፣ የፍሬኑ ማጠራቀሚያ ወይም ቫልቮቹ ግፊት ሲያሾልኩ የፍሬኑ ፓምፕም ቶሎ ቶሎ ይነሳል። የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማው ድምፅ ጤናማ ነው፤ ሥርዓቱ ለመንዳት ግፊቱን እያዘጋጀ ነው። ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ሲረግጡ ፓምፑ ተነስቶ ዝም ማለቱም ጤናማ ነው። አሳሳቢው ፔዳሉን ሳይነኩት በየጥቂት ሰከንዱ ደጋግሞ መነሳቱ ነው። ይህን ማንኛውም ባለንብረት ሊፈትነው ይችላል፦ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሞ፣ ማርሹን ፒ ላይ አድርጎ፣ ሬዲ የሚለው መብራት በርቶ ሳለ ሙዚቃና ቬንትሌተር አጥፍቶ፣ እግሩን ከፔዳሉ አንስቶ ማዳመጥ። ፓምፑ እየተመላለሰ ከተነሳ ቀይ መብራት እስኪበራ አይጠበቅም።

ቶዮታ ጉድለት የተገኘባቸውን መኪኖች ለጥገና መልሶ ለመጥራት ስላደረጋቸው ጥሪዎች ብዙ የተደበላለቀ ወሬ ስላለ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 ኩባንያው በዓለም ዙሪያ ወደ 437,000 የሚጠጉ ሃይብሪድ መኪኖችን የጠራው በኤቢኤስ ሶፍትዌር ምክንያት ነበር። በጎርባጣ ወይም በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ሥራው ከኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደ ዘይት ፍሬኑ ሲተላለፍ ሾፌሩ ለቅጽበት ፍሬኑ የለቀቀ ይመስለዋል፤ ፔዳሉ ሲጠነክር ግን መኪናው ይይዛል። መፍትሔው የሶፍትዌር ማሻሻያ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2013 የተደረገው ጥሪ ግን የ2010 ሞዴል ፕሪየስን ጨምሮ 242,000 ያህል መኪኖችን የሚመለከት ሲሆን፣ ምክንያቱ ከላይ የገለጽኩት ስስ ግድግዳ ተሰንጥቆ ናይትሮጅን ወደ ፍሬን ዘይቱ ሊገባ መቻሉ ነው። የእርስዎ ምልክት ከሁለተኛው ጋር ይቀራረባል። ያገለገለ ሆኖ ከአገር ወደ አገር የተዘዋወረ መኪና ጥሪው ሲወጣ ቀድሞ በነበረበት አገር ተጠርቶ ሳይሠራለት ሊያልፍ ይችላል። 17 ፊደልና አኃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ይዞ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ወይም በወኪሉ በኩል ማረጋገጥ ይቻላል። ቁጥሩ በጥሪው ውስጥ የለም ቢባልም እንኳ ከዚህ ዕድሜ በኋላ ክፍሉ አያረጅም ማለት አይደለም።

ይህ ለምን በደንገጎ ላይ ሆነ፣ ለምን ድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሲነዱ አልሆነም ለሚለው መልሱ በቁጥር ይገኛል። የደንገጎ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያላነሰ ከፍታ አለው፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መኪናው አራት ሰው ይዞ 1,600 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ላይ ነፋስና ጎማ የሚበሉት አለ። የፕሪየሱ ባትሪ ግን ጠቅላላ አቅሙ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ዕድሜውን ለመጠበቅ ሲል ከባዶ እስከ ጢም እንዲሄድ ስለማይፈቅድለት መቀበል የሚችለው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ብቻ ነው። እንግዲህ ገና ከመጀመሪያዎቹ ጥምዝምዞች በኋላ ባትሪው ይሞላል፤ ከዚያ በታች ያለው የቁልቁለት ጉልበት በሙሉ ወይ በቤንዚን ሞተሩ ወይ በዲስኮቹ ላይ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። በከተማ ውስጥ በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚቆም መኪና እዚህ ሲደርስ ዘይት ፍሬኑን በየኩርባው ያሠራዋል፣ ፓምፑም ፋታ አያገኝም። ሲያሾልክ የከረመ ማጠራቀሚያ የሚሸነፈው በዚህ ሰዓት ነው።

ስለዚህ በማርሹ ላይ ያለው ቢ የሚለው ቦታ በዚህ መንገድ ላይ ግድ ነው። ብዙ ባለንብረቶች አይጠቀሙበትም፤ አንዳንዶቹ ሞከር አድርገውት ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጡት ሲጮህ ይደነግጡና ወደ ዲ ይመልሱታል። ጩኸቱ ብልሽት አይደለም፤ ጄኔሬተሩ ሞተሩን ያለ ነዳጅ እያዞረ በሲሊንደሮቹ ውስጥ በሚታመቀው አየር መኪናውን እየያዘ ነው። ቢ የሚገባው ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ገና ከላይ ሳሉ ነው፤ በሜዳ ላይ ግን ነዳጅ ስለሚያባክን ወደ ዲ ይመለሳል። ከኋላ ከአወዳይ ጫት የጫነ መኪና ጥሩምባ እየነፋ ቢያጣድፍዎት ዳር ይዘው ያሳልፉት እንጂ የእሱን ፍጥነት ለመያዝ ከቢ አይውጡ።

የእርስዎን ጉዳይ ከሌሎች ብልሽቶች ለመለየት ዋናው ምስክር እግርዎ ነው፤ መካኒኩ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትም ይህን ነው። ፔዳሉ ደርቆ ጩኸትና ቀይ መብራት አብሮት ከመጣ የጠፋው ማገዣው ነው። ፔዳሉ እየላላ ወደ ታች ከሰመጠ ግን ወይ ዘይት እየፈሰሰ ነው፣ ወይ በቧንቧው ውስጥ አየር አለ፣ ወይ ዘይቱ ፈልቷል። አዲስ ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፣ በረጅም ቁልቁለት ደግሞ የፊት ካሊፐሮች (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫኑት ክፍሎች) ወደዚያ ሙቀት ሊጠጉ ይችላሉ። ፔዳሉ እንደተለመደው ሆኖ መኪናው አልያዝ ካለና የተቃጠለ ሽታ ካለ ሸራው ከልክ በላይ ግሏል። ጎርባጣ ላይ ለቅጽበት ብቻ ለቀቅ ካለ ደግሞ ያ የሥራ ርክክቡ ነው። የሃይብሪድ ሸራ ዕድሜው ረጅም በመሆኑ ሰዎች ለዓመታት ጎማ ፈተው አያዩትም፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ አቧራማ ቦታ ግን ብዙ ያልሠራ ካሊፐር በመንሸራተቻ ፒኖቹ ላይ ደርቆ ይያዛል፣ ሸራው ያልተበላ ሆኖ ሳለ አንዱ ጎማ ፍሬን የሌለው ሊሆን ይችላል።

አንድ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር ደግሞ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት። በፕሪየስ ውስጥ የምትገኘው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ጎን ስለሆነ ኮፈኑን ከፍቶ የሚያይ አያገኛትም። የፍሬኑ ኮምፒውተርና ፓምፑ የሚሠሩት በዚህች በኩል ነው፤ የድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ባትሪን ቶሎ ይገድላል። መኪናው ጠፍቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሬዲ ሲል ደግሞ 14 ቮልት አካባቢ ካላሳየች መጀመሪያ እሷን ማስተካከል ያስፈልጋል፤ የደከመች ባትሪ የሐሰት ኮዶችን ስለምታመጣ ደህናውን ክፍል ሊያስቀይርዎት ይችላል።

አሁን ወደ ጥገናው። የመጀመሪያው መካኒክ ያቀረቡልዎትን ሐሳብ በፍጹም አይቀበሉ። የተራ መኪና ማገዣ የሚፈልገው የሞተር አየር ስበት በሃይብሪድ ላይ ሞተሩ በቆመ ቁጥር ይጠፋል። ከዚህ በተጨማሪ ኤቢኤሱ፣ የመኪናውን ሚዛን የሚጠብቀው ሥርዓትና ከኤሌክትሪክ ሞተሩ ጋር ያለው የሥራ ክፍፍል ሁሉ ከዚያ ክፍል ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ክፍሉን ማውጣት መኪናውን በቋሚነት አደገኛ ማድረግ ነው። ማጠራቀሚያውን ፈትቶ በብየዳ ወይም በጎማ ቀለበት ለማደስ መሞከርም የተከለከለ ነው፤ በውስጡ ያለው ግፊት ከጎማ ንፋስ በብዙ አስር እጥፍ የሚበልጥ ስለሆነ ሰው ሊያቆስል ይችላል።

የሚቀርዎት ምርጫ በስካነር ማስመርመርና ክፍሉን መቀየር ነው። ስካነሩ የቶዮታን የፍሬን ኮምፒውተር የሚያነብ መሆን አለበት፤ የሞተር ኮድ ብቻ የሚያነበው ርካሽ መሣሪያ ምንም ላያሳይ ይችላል። ሲ1391 የሚለው ኮድ ከማጠራቀሚያው ግፊት ከልክ በላይ እየሾለከ መሆኑን፣ ሲ1252 ፓምፑ ያለ ልክ ረጅም ጊዜ መሥራቱን፣ ሲ1256 ደግሞ የማጠራቀሚያው ግፊት ዝቅ ማለቱን ያመለክታሉ። መካኒኩ ኮዱን ከማጥፋቱ በፊት ያንብበው፣ እርስዎም ስክሪኑን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ሹልከቱ ከፓምፑና ከማጠራቀሚያው ነው ወይስ ከማስተሩ ጋር ካሉት ቫልቮች የሚለው በስካነሩ ላይ ግፊቱ ሲወርድ እየታየ የሚለይ ነው። የእኔ ምክር ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በአዲስ መቀየር ነው፤ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ ወጥተው እኩል የሠሩ ክፍሎች ስለሆኑ የቀረው ብዙ አይቆይም። ከተፈታ መኪና የወጣ ያገለገለ ክፍል ዋጋው እንደሚያጓጓ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የዚያ ማጠራቀሚያ ግድግዳ ምን ያህል እንደደከመ ከውጭ አይታይም፣ የሚሸጥልዎትም ሰው አያውቀውም። አዲስ ለመግዛት ገንዘቡ እስኪሞላ መኪናው ቆሞ ቢጠብቅ ይሻላል።

ለሚሠራው መካኒክ ሁለት ጥንቃቄዎችን ያድርሱልኝ። የዚህ መኪና ፍሬን የሾፌሩ በር ሲከፈት ብቻ እንኳ ነቅቶ ግፊት ሊልክ ስለሚችል፣ ካሊፐር ተፈትቶ ጣት በሸራው መሐል ባለበት ሰዓት ፒስተኑ ሊገፋ ይችላል፤ ስለዚህ ግፊቱ በስካነር ወደ ዜሮ ሳይወርድና ባለ 12 ቮልቷ ባትሪ ሳትነቀል ቧንቧም ካሊፐርም አይፈታ። ሁለተኛው አየር ማውጣቱ ነው። እንደ ተራ መኪና አንዱ ፔዳል እየረገጠ ሌላው ቡሎን እየፈታ ብቻ አይጠናቀቅም፤ ፓምፑና ቫልቮቹ በስካነር ትእዛዝ በቅደም ተከተል መሥራት አለባቸው፣ አለበለዚያ የቀረው አየር አዲሱንም ክፍል የተበላሸ ያስመስለዋል። ዘይቱ ያልተከፈተ እሽግ ዶት 3 ይሁን፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። የመሪ ወይም የማርሽ ዘይት በስሕተት ከገባ የውስጥ ጎማዎቹን ሁሉ ስለሚያሳብጥ ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ይህን የሚያነቡ፣ መኪናቸው ገና ያልተበላሸ ሾፌሮችም እንዲህ ያለ ነገር ቁልቁለት ላይ ቢገጥማቸው ማድረግ ያለባቸውን ልጻፍ። ፔዳሉን አንድ ጊዜ በሙሉ ጉልበት ረግጠው ይያዙት፤ እየለቀቁ ደጋግሞ መርገጥ በማጠራቀሚያው የቀረችውን ግፊት ይጨርሳታል። ማርሹን ወደ ቢ ያስገቡ። ወደ ኤን አያስገቡ፣ እዚያ ላይ ኤሌክትሪክ ሞተሩም ቤንዚን ሞተሩም መኪናውን አይዙትም። ማስነሻውንም አይንኩ፤ ሲጠፋ የመሪው እገዛ አብሮ ይሄዳል። የእጅ ፍሬን የሚባለው በፕሪየስ ላይ በግራ እግር የሚረገጥ ሲሆን፣ በሽቦ ስለሚሠራ ከዚህ ብልሽት ነፃ ነው። ነገር ግን ሲረገጥ ይይዛል፣ ዳግም ሲረገጥ ይለቃል፤ በፍጥነት ላይ ባንዴ ከተረገጠ የኋላ ጎማዎችን ቆልፎ መኪናውን ሊያዞር ስለሚችል በቀስታ እየጠነከረ ይረገጥ። ይህን አስቀድሞ ባዶና ደልዳላ ቦታ ላይ፣ በዝግታ እየነዱ መለማመድ ይገባል። ምንም ካልያዘ ደግሞ ገደሉን ትቶ በተራራው በኩል ካለው ዳር ጋር እየታከኩ ማቆም ነው።

ስለመሸጡ፦ ከተጠገነ በኋላ ከፈለጉ ይሽጡት፣ ለደንገጎ ስለማይሆን ግን አይደለም፤ በትክክል የተጠገነ ፕሪየስ ያን መንገድ በቢ በደህና ይወርደዋል። ሳይጠገን፣ መብራቱ ጠፍቶ ባለበት ሰዓት መሸጥ ግን አይገባም፤ የሚገዛው ሰው ቤተሰቡን ጭኖ በዚያው ቁልቁለት ነው የሚወርደው። ጥገናው ካለቀ በኋላ መጀመሪያ የማዳመጡን ፈተና ጋራዡ ግቢ ውስጥ ይድገሙት፣ ቀጥሎ በከተማው ደልዳላ መንገድ ጥቂት ቀናት ይንዱት፣ ከዚያ ኮዱ እንዳልተመለሰ በስካነር ያስነብቡት። ንባቡ ንጹሕ ሆኖ ሳይታይ ወደ ሐረር እንዳይወጡ።